ወረቀት በወረቀት

እትዬ ቦሰና ገጹን ከጥራዙ ገንጥለው በጣታቸው ዙሪያ እንደ ቀንድ ሲጠቀልሉት፣ የሻሽወርቅ ጥቁር አዝሙዱን ትታ ወረቀቱ ላይ አፈጠጠች። ሰማያዊውን ቀለም፣ ወደ ግራ የተንጋደደውን ፊደል፣ ከዳር የቀረውን በመኪና ግራሶ የቆሸሸ የጣት አሻራ፣ ሁሉንም ታውቀዋለች። የጁምዓ ሰጋጆች ከአንዋር መስጊድ ወጥተው መንገዱን ሞልተውት ነበር። ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ሲያልፍ እሷ ከሱቁ ደጃፍ ላይ እንደ ችካል ተተክላ ቀረች።

«ምነው፣ አነሰብሽ እንዴ?» አሉ እትዬ ቦሰና በማንኪያ ጨመር እያደረጉ። «ይኸው ምርቃት። ለአጎትሽ ሚስት፣ ቦሰና አትሰስትም ብለሽ ንገሪያት።»

«ወረቀቱን ከየት አመጡት?»

«ገዛሁት ነዋ። የንባብ ቤታችሁ ዘበኛ በጆንያ ሙሉ ተሸክሞ መጥቶ በሚዛን ሸጠልኝ። ጥሩ ወረቀት ነው፣ በርበሬ አያስወጣም። ይኼኛው ግን» ጥራዙን ገልበጥ አደረጉት፣ «ሲገነጥሉት ያስቸግራል። ምን ዓይነት ሰው ነው መጽሐፍ በመኪና ጎማ ላስቲክ፣ በከመነዳሪ የሚጠርዝ?»

የሻሽወርቅ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ታውቃለች። የክፍል ጓደኛዋ የዙበይዳ አባት፣ ሾፌር ይመር ነው። ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናውን ይዞ አሰብ፣ ጅማ፣ ሐረር ሲመላለስ፣ ባደረበት ሁሉ አንድ ተረት ካልተነገረው እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነበር። አዋሽ ላይ ከአፋር ግመል ጠባቂ፣ ወራቤ ላይ ከስልጤ ነጋዴ፣ ጅማ ላይ ቡና ከምትለቅም ሴት የሰማውን፣ ጧት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ መሪው ላይ ተደግፎ ይጽፈዋል። አማርኛው አልበቃ ባለው ቦታ የተራኪውን ቃል እንዳለ አስገብቶ፣ ትርጉሙን ከጎኑ ያስቀምጣል። ከዓመት በፊት ከቆላ ይዞት የመጣው ወባ ሲገድለው፣ ለሚስቱና ለልጁ የተወው አንድ ክፍል ቤትና ይህ በላስቲክ የተጠረዘ መጽሐፍ ነበር።

ያንን መጽሐፍ ከዙበይዳ እጅ ለምና የወሰደችው ደግሞ ራሷ የሻሽወርቅ ናት።

ነገሩ የተጀመረው ከክረምቱ በፊት፣ አጎቷ ጋሼ ኃይለመለኮት ለሰፈሩ ሕዝብ የንባብ ቤት እንዲቆም በወሰኑ ጊዜ ነው። ጋሼ ኃይለመለኮት በርስት ክርክር ችሎት ጸሐፊ የነበሩ፣ ካቦርታቸውን በሐሩርም የማያወልቁ፣ የመጽሐፍ ርእስና መቅድም አንብበው ጀርባውን በመዳፋቸው አሻሽተው የሚመልሱ ሰው ናቸው። አንድ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ሲያነቡ ያየ ፍጡር በቤቱ ውስጥ አልነበረም። እሳቸውና ጓደኛቸው ባላምባራስ ሀብተ ወልድ፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ኮሚቴ ሆነው፣ ከእህል በረንዳ ጀርባ ያለውን የእድር ቤት ኖራ አስቀቡት። የንጉሠ ነገሥቱን ሥዕል ሰቀሉ። ባለመስታወት ቁም ሳጥን አሠሩ። ከዚያም እያንዳንዱ ቤት ያለውን መጽሐፍ እንዲያዋጣ በጥሩምባ አስነገሩ።

ሰዉም አዋጣ። ከሶማሌ ተራ በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ መጣ። የአርመኑ ልብስ ሰፊ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ላከ። አንዲት የጉራጌ ሴት የሟች ወንድሟን የመዝሙር ጥራዝ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣች። የጋራዥ ሠራተኞች በጣልያንኛ የተጻፈ፣ የሞተር ሥዕል የሞላበት ወፍራም መጽሐፍ በሁለት ሰው አሸክመው ሰደዱ። የሻሽወርቅም ሶማሌ ተራ ድረስ ሄዳ፣ «ያባትሽ መጽሐፍ እዚያ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ያነበዋል፣ እዚህ ግን ከአልጋ ሥር አቧራ ነው የሚበላው» ብላ ዙበይዳን አሳመነቻት። በዚያች ሰዓት ከልቧ ነበር የተናገረችው።

ከዚያ ኮሚቴው መምረጥ ጀመረ። የሻሽወርቅ ሻይ እያቀረበች ስታይ ነበር። ባላምባራስ የዐረብኛውን መጽሐፍ ዘቅዝቀው ይዘው፣ «ይህ ጽሑፍ ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲሉ ሌሎቹ ሳቁ። የወጥ መጽሐፉን «የኩሽና ነገር» አሉት፤ የሴትዮዋን የመዝሙር ጥራዝ «ሽታው አይቻልም» ብለው በከዘራ ጫፍ ገፉት። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የገቡት በወርቅ ቀለም የተጌጡ፣ ከአራቱ አንዳቸው እንኳ በማያውቁት ባሕር ማዶ ቋንቋ የታተሙ ድርሳናት ሲሆኑ፣ ከእነሱ ሥር ጥቂት የአማርኛ መጻሕፍት በቸርነት ተጨመሩ። ኮሚቴውም በቁመታቸው ደረደራቸው። በሩ ላይ ደግሞ ባዶ እግሩን የመጣ፣ እጁን ያልታጠበና ዋስ ያላቀረበ እንደማይገባ የሚገልጽ ሰሌዳ ተሰቀለ። መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰሌዳ መስቀል፣ ከሰፈሩ ሰው እኩሌታውን በአንድ ምስማር ከደጅ ማስቀረት ነው።

የሾፌር ይመር መጽሐፍ ወደ ውድቆቹ ክምር ሲወረወር የሻሽወርቅ አይታለች። አልተናገረችም። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ በቀይ ሪባን ታስሮ አንገቷ ላይ የዋለው ያን ዕለት ስለነበር፣ ከትምህርት ቤት መልስ ብቻዋን ገብታ የፈለገችውን ማንበብ መቻሏ ከምንም በላይ ሆኖባት ነበር። ዙበይዳ በማግስቱ «የት አስቀመጡት?» ብላ ስትጠይቃት፣ «መስታወቱ ውስጥ» አለቻት። ሐሰቱ እንደ ሻይ ፉት ተብሎ አለፈ።

አሁን ግን ሾፌር ይመር በጥቁር አዝሙድ ተሞልቶ እጇ ላይ ነው።

«እትዬ ቦሰና፣ ይህን መጽሐፍ ይስጡኝ።»

«ወረቀት አምጪና ውሰጂ።»

«ምን ዓይነት ወረቀት?»

«ንጹሕ ከሆነ ግድ የለኝም። ወረቀት በወረቀት፣ በሚዛን። ግን አንዱን መርጠሽ አታወጪም፤ ጆንያው እንዳለ ነው። አለዚያ ቀሪው ሁሉ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀርብኛል።» ፊቷን አይተው ድምፃቸውን ለዘብ አደረጉ። «እስከ ነገ ከሌላው እጠቀልላለሁ። ከነገ ወዲያ ግን እኔም ደንበኛ አለኝ።»

የሻሽወርቅ ከሰጋጆቹ መካከል ተሽሎክልካ ወደ ቤቷ ስትሄድ ዙበይዳን ሶማሌ ተራ ማጠፊያ ላይ አገኘቻት። ቀይ ሽሮፕ የመሰለ አዲስ ሻሽ በእጇ ይዛለች።

«ለእማዬ ነው» አለች ዙበይዳ ሻሹን ዘርግታ እያሳየች። «ነገ ለንባብ ቤቱ ምረቃ ትመጣለች። ማንበብ ባትችልም መስታወቱ ውስጥ ቆሞ ልየው ትላለች። ካባቴ ሞት ወዲህ ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው።»

«በር ላይ ጫማ ይጠይቃሉ» አለች የሻሽወርቅ፤ የምትለው ጠፍቷት።

«ሰማሁ። ከጎረቤት ተበደርንላት።» ዙበይዳ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ ባለ ቁልፍ ሆነሽ ጠባይሽ ተቀየረ። ፈገግ በይ እንጂ።»

የሻሽወርቅ ፈገግ ማለት አልቻለችም። ራሴን አመመኝ ብላ ሄደች።

ቤት ስትደርስ ጋሼ ኃይለመለኮት ሳሎን ተቀምጠው የገዛ ንግግራቸውን ያነባሉ። ከማተሚያ ቤት የመጣው እሽግ እግራቸው ሥር ተከምሯል፤ ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ከላይ በካቦርትና በክራቫት የተነሡት ፎቶግራፍ፣ ከሥሩ «ንባብ ለሁሉ» የሚል ርእስ። ለእያንዳንዱ እንግዳ መታሰቢያ ይሆን ዘንድ አንዳንድ ይታደላል፤ አዳይዋም እሷ ናት።

«ጋሼ፣ ያልተመረጡትን መጻሕፍት ለባለቤቶቻቸው እንመልሳለን ብለው ነበር።»

«ብዬ ነበር።»

«ቅመም እየተጠቀለለባቸው ነው።»

«እንግዲያው ከጥቅም ላይ ውለዋል።» ገጹን ገለጡ።

«የሾፌር ይመር መጽሐፍ…»

«እሱን መጽሐፍ ብለሽ ትጠሪዋለሽ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «አፋሩ፣ ስልጤው፣ ጉራጌው፣ ከፋው፣ ሁሉም በየአፉ የሚንጫጫበት የገበያ ውሎ ነው። መጽሐፍ ማለት አንድ ድምፅ ያለው ነው፣ ልጄ። የጥሩ ሰው ድምፅ።»

«በንግግርዎ ላይ ግን፣ ከአሥራ አራቱም ጠቅላይ ግዛት የተሰበሰበ የጥበብ ማዕድ ይላል። እኔም ነገ ያንኑ ነው በቃሌ የምለው።»

«ንግግር ሌላ፣ ቁም ሳጥን ሌላ። ይህን ለመለየት ዕድሜሽ ደርሷል።» ከዘራቸውን አንሥተው በጫፉ ቀዩን ሪባን ነካ አደረጉት። «ይህ ቁልፍ አንገትሽ ላይ የዋለው ከልጆች ሁሉ ጎበዝ ስለሆንሽ መስሎሽ ይሆናል። ጎበዝማ ሞልቷል። አንቺ ዝም ማለት ታውቂያለሽ። ካልፈለግሽው የባላምባራስ ልጅ ነገውኑ ትረከበዋለች።»

የሻሽወርቅ ቁልፉን በመዳፏ ጨበጠች። የባላምባራስ ልጅ መጽሐፍ የምትወደው አበባ ለማድረቅ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። ወደ ጓዳ ገብታ ነገ በቃሏ የምትለው ያለበትን ቁራጭ ወረቀት አወጣችና በጸጥታ አጠናችው። ቃላቱ የሚያማምሩ ነበሩ፤ እያንዳንዱ ቃል በየተራ ምላሷ ላይ ሲወጣ ግን ያልበሰለ ሽሮ ጣዕም ነበረው። ጋሼን ናቀቻቸው። ባላምባራስን ናቀቻቸው። የንቀቱ ክምር ከፍ እያለ ሄዶ መጨረሻው ላይ ሲደርስ፣ ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ሻይ የምትቀዳ አንዲት ልጅ ተቀምጣበት አገኘች፤ እሷንም ከሁሉም አልለየቻትም።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ አዲስ ጫማዋን አድርጋ፣ የንግግሩን እሽግ አሸክማ ወጣች። ተሸካሚው ቦጋለ ነበር፤ ከእህል በረንዳ ጤፍ ወደ ቤታቸው የሚያመላልሰው ትከሻ ሰፊ ወጣት። ብዙ ጊዜ በራፋቸው ላይ አይታዋለች፤ ከጆንያው ተለይቶ ግን አይታው አታውቅም።

«የሻሽ» አለ ቦጋለ እሽጉን በጀርባው እያመቻቸ፣ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ጠይቅ።»

ከኮቱ ደረት ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ሚጥሚጣ አቅልቶታል። ሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ግራ የተንጋደደ ፊደል።

«ከቦሰና ሱቅ ሚጥሚጣ ገዝቼ ነው። አንድ ግመል ነው፤ በረሃ ላይ ፀሐይ ሊገድለው ለደረሰ መንገደኛ ጥላውን ያበድረዋል። ይዘህ ሂድ፣ ስትደርስ መልስልኝ ይለዋል። እዚህ ላይ ወረቀቱ ያልቃል።» ወረቀቱን ገልብጦ ባዶውን ዳር አሳያት። «ተሸካሚዎቹን ሁሉ ጠየቅኩ። ግማሹ ይዞበት ይጠፋል ይላል፤ ግማሹ ይመልሳል ይላል። ሊደባደቡም ደርሰው ነበር። መለሰለት ወይስ ካደው?»

«ማንበብ ትችላለህ እንዴ?» አለች የሻሽወርቅ። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ የማን ድምፅ እንደሆነ ታወቃት፤ የባላምባራስ ነበር።

ቦጋለ አልተቀየማትም። «ቀስ ብዬ። ማታ ማታ ነው የተማርኩት። እዚያ ንባብ ቤት ገብቼ ቀጣዩን ልፈልግ ብዬ ነበር፤ ዘበኛው እግሬን አየና ሳቀብኝ።»

መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ቦታ ደረሱ። ቀኙ ወደ እህል በረንዳና ወደ ንባብ ቤቱ ይወስዳል፤ ከወዲያ የእድሩ ድንኳን ነጭ ጫፍ ይታያል። ግራው ወደ ቅመም ሱቆቹ ነው። ቦጋለ ወደ ቀኝ ሁለት ርምጃ ከሄደ በኋላ እንዳልተከተለችው አይቶ ዞረ።

«ምነው? ጫማሽ ነከሰሽ?»

የሻሽወርቅ ድንኳኑን አየች። የክብር እንግዳው ጥቁር መኪና ገና አልቆመም። መስታወቱ ውስጥ ያሉት የአማርኛ መጻሕፍት ትዝ አሏት፤ እኩሌታውን ገና አላነበበችም። እስከ መጪው ክረምት ድረስ ትጨርሳቸው ነበር።

«በግራ ነው» አለች።

«እንግዶቹ በቀኝ ናቸው እኮ።»

«አውቃለሁ። በግራ።»

እትዬ ቦሰና ከእሽጉ አንዱን ወረቀት መዘው በጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አነሡት፣ አሸተቱት።

«ይህስ ወረቀት ነው። ቂቤ እንኳ ቢይዙበት አያስተላልፍም።» ፎቶግራፉን አቅርበው ተመለከቱት። «ሰውየው ግን ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተቆጣው? እንዴ፣ ጋሼ ኃይለመለኮት አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ያውቃሉ?»

«ሲደርሱበት ያውቃሉ።»

እትዬ ቦሰና የጆንያውን አፍ በአንደኛው የሚዛን ሳህን ላይ አጋደሉ። በሌላው ሳህን ላይ ንግግሩን ከመሩ። እየደጋገሙ መዘኑ። በመጨረሻው ዙር ከሾፌር ይመር ጥራዝ ጋር የጣልያንኛው የሞተር መጽሐፍ ስለነበረበት፣ የንባብ ለሁሉ ወገን ወደ ላይ ተንሳፍፎ ቀረ።

«ይጎድላል» አሉ።

የሻሽወርቅ እጇን ደረቷ ውስጥ አስገብታ ለዛሬ ያጠናችውን ቁራጭ ወረቀት አወጣችና ከላይ አስቀመጠችው። ሚዛኑ ምንም አልተነቃነቀም።

እትዬ ቦሰና ሳቁ። «ይኼማ ነፋስ ነው። በይ ተዪው፣ ይሁን። ጆንያው ጓዳ ይቆይልሽ፤ እዚህ አይጥ ቢነካው እንጂ ኮሚቴ አይነካውም። ያንን የላስቲኩን ይዘሽ ሂጂ።»

«አንድ ነገር ይጠቅልሉልኝ» አለች የሻሽወርቅ። ሪባኑን ከአንገቷ አውልቃ ቁልፉን ዘረጋችላቸው።

እትዬ ቦሰና ከአዲሱ ወረቀት አንዱን ጠቀለሉ፤ የጋሼ ኃይለመለኮት ግንባር በአንድ ወገን፣ ክራቫታቸው በሌላው ወገን ዋለ። ቁልፉን ከነሪባኑ ጨምረው አፉን በልማድ አጠፉት። ቦጋለ ተቀበለ።

«ለጋሼ በእጃቸው ስጣቸው። ሳጥኑ ተቆልፎ እንግዶቹ ፊት እንዳያፍሩ።»

«ሲጠይቁኝ ምን ልበል?»

«አልመጣችም በል።»

ቦጋለ አንገቱን አከከ። ከዚያም ሚጥሚጣ ያቀላውን ገጽ አውጥቶ ሰጣት። «ይህ የዚያ መጽሐፍ ነው መሰለኝ። ግን የግመሉን ነገር ስትደርሺበት ትነግሪኛለሽ።»

«የመጽሐፉ ባለቤት ከፈቀደች» አለች።

ሶማሌ ተራ እስክትደርስ ድረስ ብዙ ዓረፍተ ነገር አሰናዳች። ሁሉም ያማሩ፣ የተስተካከሉ፣ ጥፋቱን ከእጇ ወደ ኮሚቴው የሚያሸጋግሩ ነበሩ። የአጎቷን ንግግር እየመሰሉ ስላስቸገሯት አንድ በአንድ ጣለቻቸው። ዙበይዳ በሩን ስትከፍት እጇ ላይ የቀሩት ሁለት ነገሮች መጽሐፉና «ዋሽቼሻለሁ» የምትል አንዲት ቃል ነበሩ። ሁለቱንም ሰጠቻት።

ዙበይዳ መጽሐፉን ተቀብላ ላስቲኩ ላይ የቀሩትን የተገነጠሉ የወረቀት ጥርሶች በጣቷ ጫፍ ዳሰሰች።

«የጎደሉት የት አሉ?»

«በየሰዉ ጓዳ። አንዱ ይኸው፤ ለእኔ ጥቁር አዝሙድ የተጠቀለለበትም አብሮ አለ። የቀሩትን ከነገ ጀምሬ ከቤት ቤት እየዞርኩ እጠይቃለሁ።»

«ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይላል።»

«አዎ።»

ከውስጥ የሴት ድምፅ መጣ። «ዙቢ፣ ሰዓቱ ደረሰ እንዴ? ይህ ጫማ እኮ ጠበበኝ።» በበሩ ክፍተት ቀዩ ሻሽ ታየ፤ አንዲት ሴት አልጋ ጫፍ ላይ ጎንበስ ብላ ከተውሶው ጫማ ጋር ትታገላለች።

ዙበይዳ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቀፈች። ዓይኗ የሻሽወርቅ ላይ ነበር፤ በውስጡ ይቅርታ የሚመስል ነገር አልነበረም።

«እኔ አልነግራትም» አለች። «ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ግቢና አንቺው ንገሪያት።»

ከዋናው መንገድ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ረጅምና ኩሩ፣ መንገድ ልቀቁ የሚል። የተጋበዙት እንግዳ ወደ ንባብ ቤቱ እያለፉ ይሆናል። የሻሽወርቅ ዞራ አላየችም። ጎንበስ ብላ ለምረቃው የተገዛላትን ጫማ አወለቀች፣ ከበሩ ደፍ አጠገብ ጎን ለጎን አስቀመጠችና በባዶ እግሯ ገባች።